የጠዋት ሽታ

ሽታው እንደ ልማዱ ዳገቱ አጋማሽ ላይ መጣ። ብርቱካን ማርሹን ወደ ሁለት መለሰች፤ መስታወቱን አውርዳ አንገቷን ወደ ውጭ አወጣች። ውጭው የታኅሣሥ ውርጭና የባሕር ዛፍ ቅጠል እንጂ ሌላ አይሸትም። የሚሸተው መኪናው ነው። ከመንገዱ ጠርዝ አስጠግታ አቆመችና የኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጋ ኮፈኑን ከፈተች፤ ፊቷንም ወደ ሞተሩ ደፋች።

ከኋላዋ አንድ ባጃጅ ቆመ። ሹፌሩ ከመቀመጫው አልወረደም፤ ለምክሩ መውረድ የሚያስፈልገው አልመሰለውም።

"የእጅ ፍሬን ረስተሽ ነው" አላት።

"አልረሳሁም።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ሴቶች ትረሳላችሁ። የኔ እህት ራሷ እንዲሁ ናት።"

"እህትህ መኪና አላት?"

"መኪና እንኳ የላትም።"

"ታዲያ የምኑን ፍሬን ነው የምትረሳው?"

ሹፌሩ ትንሽ አሰበና እንግዲያው ይቃጠልልሽ ብሏት ሄደ። ባጃጁ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ዳገቱን ሲወጣ ብርቱካን ቆማ አየችው። ከዚያ ሰውዬ ጋር መነጋገሯ ራሱ አናደዳት።

ሽታው ከጀመራት አሥራ ሁለት ቀን ሆኗታል። በነዚህ ቀናት ያወቀችው ነገር ቢኖር በደብረ ታቦር ከተማ ስለ መኪና የማያውቅ ወንድ አለመኖሩን ነው። የምታስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥተሽ በፍሬን ብቻ ስለምትወርጂ ነው ብሏታል፤ እንደዚያ የሚወርደው ግን እሱ ራሱ ነው። የጎረቤቷ ባል ዘይት ጎድሎ ነው አለ። ዘይቱን ለክታ ሙሉ መሆኑን ብታሳየው፣ በዝቶ ይሆናላ አለ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በዕድሜያቸው መኪና የተሳፈሩት አንዴ፣ እሱም ታመው ሆስፒታል ሲወሰዱ ነው፤ እሳቸው እንኳ ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ ራሳቸውን እየነቀነቁ "ሞተሩ ነው" አሉ። ሽታው ምን ምን ይላል ብሎ የጠየቃት ግን አንድም ሰው አልነበረም። ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በአፍንጫዋ ብቻ አሲዱን ከአሞኒያው የምትለይ ሴት መሆኗ በዚህ ጉዳይ ላይ ከቁም ነገር የሚገባ አልሆነም።

ባዩ ደግሞ ነበረ። ባዩ የጋራዥ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ ከሌሎቹ የሚለየው ለተሳሳተው ነገር የሚከፈለው በመሆኑ ነው። ገና ኮፈኑን ሳይከፍት ፍሪሲዮን ነው አላት። "ስትነጂ እግርሽን ፍሪሲዮኑ ላይ ታሳርፊያለሽ፤ ይህ የሴቶች አመል ነው።" እግሯን እንደማታሳርፍ ነገረችው። እሱም ፈገግ አለ። መኪናው ሁለት ሌሊት ጋራዡ አድሮ ፍሪሲዮኑ ተቀየረ። በሦስተኛው ቀን ስትረከበው አልሸተተም፤ ባዩም እጁን እየጠረገ፣ አላልኩሽም ነበር የሚል ፊት አሳያት። በማግሥቱ ጠዋት ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሽታው ተመልሶ መጣ። ስልክ ብትደውልለት አዲስ ዕቃ ነው፣ እስኪላመድ ይሸታል አላት።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እየሸተታት ትነዳው ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ፈንታሁን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤቷ መጣ። ፈንታሁን የሟቹ ባሏ የዳኛቸው ታላቅ ወንድም ነው፤ ገበያው አጠገብ የእህል መጋዘን አለው። ከተቀመጡ በኋላ ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። አንደኛው፣ መኪናው አንድ ቀን በእሳት ይዟት ይሄዳልና ሳይቃጠል ይሸጥ፤ እብናት የሚኖር ገዢም ተገኝቷል። ሁለተኛው፣ እናቱ እመይ ወርቅነሽ ጃጅተዋልና ከእንግዲህ ከተማ ምን ያደርጉላቸዋል፤ ገጠር እህቱ ዘንድ ይሂዱ። መኪናውንም እናቱንም ሲያነሣ ድምፁ ያው አንድ ነበር፤ ከመጋዘን ወደ መጋዘን የሚዛወር ኩንታል የሚቆጥር ይመስል ነበር። ሽማግሌዎቹ ብርቱካንን አዩዋት። ድካም ነበረባት፤ የተማሪ ፈተና ወረቀት ከፊቷ ተከምሮ ነበር። "እስከ ቅዳሜ የሽታው ምክንያት ካልተገኘ ይሸጥ" አለች። ሽማግሌዎቹ ቃሏን ተቀብለው መረቋት። ስለ አማቷ ግን ምንም አላለችም። እሷም በልቧ ይሂዱ ብላ የምታስብባቸው ቀኖች ነበሩና።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

መኪናው የዳኛቸው ነበር። ብርቱካን ይህን ለማንም እንደ ምክንያት አላቀረበችም። በዳኛቸው ዕቃ ላይ ሙሾ የምታወርድ ሴት ለመባል ፈቃደኛ አይደለችም። ኮቱን ለድሃ ሰጥታለች፤ ጫማውንም እንደዚያው። መኪናው ግን ሌላ ነው። ቤት ስትገባ አማቷ አሉ። ክፍል ውስጥ ስልሳ ተማሪ አለ። መንገድ ላይ የሚያገኛት ሁሉ፣ ዳኛቸው ከሞተ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቢሆነውም፣ እግዜር ያጥናሽ ብሎ ፊቷን እንደ ጋዜጣ ያነባል። የመኪናው በር ሲዘጋ ብቻ ለሩብ ሰዓት የሚያያት የለም። በዚያች ሩብ ሰዓት ምን እንደምታደርግ ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለመንገርም አታስብም።

ኮፈኑን ከድና ወደ ጋራዡ ነዳች።

ጋራዡ ከከተማው ማዶ ጫፍ ነው። ስትደርስ ፈንታሁንን ከበሩ ላይ አገኘችው። እሷ አልጠራችውም፤ የጠራው ባዩ ነው፣ ከሴት ጋር ብቻ መነጋገሩ ሥራ መስሎ ስላልታየው። አጠገቡ ይርጋ የሚባለው የእብናቱ ገዢ ቆሟል፤ ከብት ሲነግድ የኖረ፣ ዘንግ የያዘ ረጅም ሰው ነው። መኪናው ገና ከመቆሙ ዞር ዞር እያለ አራቱንም ጎማ በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገ፤ ከዚያም በሬ የሚገዛ ይመስል ከፊት ቆሞ መብራቶቹን ትክ ብሎ አያቸው። ጥርሱን ለማየት አፉን አለመክፈቱ ብርቱካንን ገረማት።

ባዩ ፈንታሁንን ትከሻ ለትከሻ ሳመው፤ ለሷ በራሱ ንቅናቄ ሰላምታ ሰጣት። ኮፈኑን ከፍቶ አሸተተ።

"የታለ?"

"ጠፍቷል። ሩብ ሰዓት ከተነዳ ይጠፋል ብዬ ነግሬህ ነበር።"

ባዩ ወደ ፈንታሁን ዞረ። "ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ሲደርስ የሚጠፋ ራስ ምታት አለ አይደል? እንደዚያ ነው። የሆነ ሆኖ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተነሥቶ ውስጡ ይታይ። ሌላ መላ የለውም።"

"ሞተሩን ልትፈታው?" አለ ፈንታሁን።

"ውስጥ ውስጡን እያረረ ነው።"

ብርቱካን እንዳልተጠየቀች ታውቃለች። "ውስጡ ቢያርር ኖሮ ውሃ ይጎድል ነበር" አለች። "ውሃው አልጎደለም። ጭሱም ንጹሕ ነው።"

"ኢንተርኔት ላይ አንብበሽ ነው?"

"አይደለም። ራዲያተሩን ከፍቼ አይቼ ነው።"

ባዩ ሳቀ። ፈንታሁን ግን ከገዢው ፊት ሙግት መያዟ አላስደሰተውም፤ "ብርቱካን፣ ባለሙያ ሲናገር አድምጪ" አላት።

"እያደመጥኩ ነው ጋሼ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሳዳምጥ ከረምኩ።"

ይርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ቢሸትም ባይሸትም እሱ እንደሚወስደው፣ የሚወስደው ግን እንደሚሸት መኪና ቆጥሮ መሆኑን፣ ሞተሩ ከተፈታ ደግሞ ጭራሽ እንደ ብረት እንደሚያየው አስረዳ። ይህን ሲል ለማንም አልራራም፤ አላፈረም። ከሦስቱ መካከል በግልጽ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው ብላ ብርቱካን አሰበች፤ ይህም ሁለቱን አያስመሰግንም።

"እንግዲህ ቀኑ ቅዳሜ ነው" አለ ፈንታሁን።

"ቅዳሜ ገና አላለቀም።"

ባዩ ማዶ ያለውን ሻይ ቤት በአገጩ አሳይቶ እዚያ ቁጭ እንድትል፣ ሲጨርሱ እንደሚጠሯት ነገራት። ብርቱካን አልሄደችም። ከመኪናው አጠገብ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ወንዶቹ የምትጸልይ መሰላቸውና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። የምትጸልይ ግን አልነበረችም። ጠዋት የሸተታትን እንደገና ለማሽተት እየሞከረች ነው። ጎማ አይደለም፤ ጎማ ሲቃጠል ጉሮሮ ይይዛል። ዘይትም አይደለም። ሽቦ ሲቃጠል የሚያመጣውን መራራ ነገር ታውቀዋለች፤ እሱም አይደለም። የፍሬን ሸራ አይደለም። የተቃጠለ ጠጉር ነው። በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ክር ትለኩስላቸዋለች፤ ጥጡ እንደ ወረቀት ይሸትና ግራጫ አመድ ይሆናል፤ ሱፉ ግን እንደ ጠጉር ይከረፋና ጣት መሐል የሚደቅ ጥቁር ፍርፋሪ ይተዋል። ተማሪዎቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ይህ ሽታ የሱፍ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስታሸተው ይህን ለራሷ ያልተናገረችው መኪና ውስጥ ሱፍ ስለማይኖር ብቻ ነው። የማይሆን ነው ብላ አፍንጫዋን አላመነችም። ከነዚህ ሰዎች በምን ተሻለች?

ዓይኗን ገለጠች። "ባዩ፣ ፍሪሲዮኑን ስትቀይር መኪናው ሁለት ሌሊት እዚህ አደረ።"

"አደረ።"

"ሲወጣ አልሸተተም። እኔ ቤት ባደረ በማግሥቱ ሸተተ።"

"እና?"

"እና ብልሽት አይደለም። ማታ ማታ እኔ ግቢ ውስጥ የሚገባበት ነገር አለ። ጉድጓዱ ላይ አውጣልኝ፤ ከሥር ልየው።"

ባዩ መጀመሪያ የሰማ አልመሰለም። ቀጥሎ እሱ ራሱ ሁለት ቀን ከዚያ መኪና ሥር እንደነበረና ምንም እንዳላየ ነገራት። ብርቱካን እንደምታምነው፣ ግን ፍሪሲዮን ፍለጋ የወረደ ሰው ከፍሪሲዮን ሌላ ምንም እንደማያይ መለሰችለት። ይርጋ ሳቅ ብሎ አፉን በእጁ ሸፈነ። ምናልባት በዚያ ሳቅ ምክንያት፣ ባዩ ቁልፉን ነጥቋት መኪናውን ጋራዡ መሐል የተቆፈረው ጉድጓድ ላይ አወጣው።

"በይ ውረጂ እንግዲህ" አላት።

"በጥቁር ልብስሽ ልትወርጂ ነው?" አለ ፈንታሁን።

"ጥቁር ልብስ ቅባት አያሳይም ጋሼ።"

ሞተሩ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ወንዶቹ ያንን ግማሽ ሰዓት አንበሳሜ መንገድ ላይ ስለተገለበጠ አይሱዙ እያወሩ አሳለፉት፤ ሦስቱም ሹፌሩ ምን ማድረግ እንደነበረበት ያውቃሉ። ከዚያ ከባዩ ላይ ፒንሳ ተቀብላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ በሰባራው መሰላል ወረደች። ጉድጓዱ በአሮጌ ዘይት የጨቀየ ነው። የስልኳን መብራት አብርታ ቀና አለች። ከሞተሩ ሥር መኖር የነበረበት የፕላስቲክ መሸፈኛ ድሮ መንገድ ላይ ተገንጥሎ ቀርቷል፤ ከፊት ከራዲያተሩ ሥር እጅ እንደልብ ያስገባል። እጇን ሰደደች። የጭስ ማውጫው ቱቦ በስስ ቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ በቆርቆሮውና በቱቦው መሐል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከላይ ለሚያይ ሰው አይታይም። መብራቷን አስጠጋች። ክፍተቱ ውስጥ ጥቁር ነገር ተሰንቅሯል።

በፒንሳው ስትስበው መጀመሪያ የመጣው ፍርፋሪ ነው። በሁለት ጣቷ ፈተገችው፤ ደቀቀ። አሸተተችው። ሱፍ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከደረቷ ውስጥ አንድ ሞቅ ያለ ነገር ተነሣ፤ ትክክል የመሆን ደስታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ለዳይሬክተሩም ለዘበኛውም ለባጃጅ ነጂውም የምትለውን ሁሉ በአንድ አፍታ አሰናዳች። ቀና ብላ ልትናገር አፏን ከፈተች።

ፒንሳው ሁለተኛውን ቁራጭ ይዞ ወጣ። ይህኛው ጫፉ ብቻ ነው ያረረው፤ የቀረው መዳፍ የሚያህል፣ ወፍራም፣ ጥቁር ቡናማ፣ ዳር ዳሩን ቀይ ፈትል የገባበት የባና ቁራጭ ነው። አፏን ዘጋች።

ባናው የእመይ ወርቅነሽ ነው። ከጉና ሥር ካለው አገራቸው ይዘውት የመጡት፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ የብርድ ልብስ። ባለፈው ሳምንት ጫፉ ተበጣጥሶ አይታ ምን እንደነካው ስትጠይቃቸው፣ ከአልጋው ቀና ሳይሉ አይጥ ነው አሉ። ዳኛቸው በሕይወት ሳለ ኅዳር ከገባ ማታ ማታ ይህንኑ ባና ከኮፈኑ ላይ ጣል ያደርግ ነበር፤ ውርጩ ሲመታው ጠዋት አይነሣም እያለ። "ፈረስ መሰለህ?" ብላ ትስቅበት ነበር። ከሞተ በኋላ የሚያለብሰው ሰው የለም ብላ ነበር የምታስበው።

አሁን ያየችውን ሁሉ እንደገና አየችው። በዚህ ሰሞን ጎሕ ሲቀድ በመስኮት አሮጊቷን ከመኪናው ፊት ተንበርክከው አይታለች። ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጸሎት ነው ብላ አለፈች፤ እንዲያውም ጎረቤት እንዲያያቸው ነው ብላ ንቃቸዋለች። ኮፈኑን ከፍተው ማልበስ አልቻሉም፤ መክፈቻው ውስጥ መሆኑን አያውቁም። ከላይ ጣል ቢያደርጉት ደግሞ እሷ ታየዋለች። ስለዚህ ማታ ከሥር በኩል ሞተሩ ደረት ላይ ይወሽቁታል፤ ጠዋት ሳትነሣ ያወጡታል። ሲያወጡት የቆርቆሮው ጠርዝ እየቦጨቀ ያስቀረዋል። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በዚህ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፊቷ አንድም ቀን አላለቀሱም፤ ግቢ ይጠርጋሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ብርቱካን ድንጋይ ናቸው ብላ ፈርዳባቸው ነበር፤ በልቧ፣ ሰው ሳይሰማት፣ በየቀኑ።

"ምን ሆነሽ ቀረሽ?" አለ ፈንታሁን ከላይ። "አገኘሽ ወይስ አላገኘሽም?"

ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ሲል የጫማው ጫፍ ታያት። ይህን ቀይ ፈትል እሱም ያውቀዋል፤ በዚያ ባና ሥር ነው ያደገው። ቢያየው የሚለውን ከወዲሁ ሰማችው። እናቴ ጃጅታለች አላልኩም ነበር? ሰው ልታቃጥል ነው። ሰኞ ሳይደርስ ጓዛቸው ተጠቅልሎ ገጠር ይሄዳል፤ ሽማግሌዎቹም ይመርቃሉ። ልክ ነበርኩ ለማለት የሚያስፈልጋት ማስረጃ ግን መዳፏ ውስጥ ነው።

ያላረረውን ቁራጭ አጥፋ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ጥቁሩን ፍርፋሪ ይዛ መሰላሉን ወጣች።

"ተገኝቷል" አለች። መዳፏን ዘረጋች። "የሱፍ ጨርቅ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ተሰንቅሮ ነበር። ጠዋት ሲሞቅ ይቃጠላል፤ የተነካው ሲያልቅ ይጠፋል።"

ባዩ በጥፍሩ ነካ አድርጎ አሸተተው። ፊቱ ለአፍታ የሰው ፊት ሆነ። "እውነትም ሱፍ ነው። ማነው እዚያ ውስጥ ሱፍ የሚከት?"

ፈንታሁን አንገቱን አስግጎ እያያት ነው።

"እኔ ነኝ" አለች ብርቱካን።

"አንቺ?"

"ማታ ማታ ውርጩ እንዳይመታው አለብሰው ነበር። ተቦጭቆ የቀረ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።"

መጀመሪያ የሳቀው ይርጋ ነው፤ ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ባዩ ተከተለው። ከማዶ ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬም ሥራውን ትቶ መጣና ምን እንደሆነ ተነግሮት እሱም ሳቀ።

"መኪና ብርድ ልብስ አልብሳ!" አለ ባዩ። "ለዚህ ነው ፍሪሲዮን ያስቀየርሽኝ?"

"ፍሪሲዮኑን ያስቀየርከኝ አንተ ነህ።"

"ኧረ ተይ! እኔ ምን ላርግ፣ ብርድ ይዞት እንደሆነ አልነገርሽኝ!"

"ገብስስ አላስቀመጥሽለትም?" አለ ይርጋ ዓይኑን እየጠረገ። "ፈረስ ሲለብስ ገብስ ይበላል።"

ፈንታሁን አልሳቀም። ፊቱ ቀልቷል፤ ከገዢ ፊት የወንድሙ ሚስት መሳቂያ መሆኗ እሱን እንዳዋረደው ያስታውቃል። "የተማረች ናት፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት እያልን በየሰዉ ፊት ስናወራ" አለ በዝግታ። "የገጠር ሰው እንኳ ይህን አያደርገውም።"

ብርቱካን ተማሪዎች ስቀው እስኪጨርሱ ሰሌዳው አጠገብ እንደምትቆመው ቆመች። ጥቂት ቀን ቢሆን ነው፤ ከዚያ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። ዳይሬክተሩ ይሰማል፤ በስብሰባ መካከል ያነሣዋል። ተማሪዎች ስም ያወጡላታል፤ ምን ብለው እንደሚያወጡላት ከወዲሁ መገመት ትችላለች፣ ፈጠራቸው ሩቅ አይሄድም። ፊቷ ላይ የሚስቁትን አንድ በአንድ አየቻቸው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሰው አይሱዙ የፈረዱ፣ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ አንዲት ትክክለኛ ቃል ያልተናገሩ ሰዎች ናቸው። በነዚህ ዓይን መውረድ ያን ያህል ሩቅ መውደቅ አይደለም።

ሳቁ ሲበርድ "ጋሼ" አለች፤ "እሑድ ለሽማግሌዎቹ የሰጠሁት ቃል፣ እስከ ቅዳሜ ምክንያቱ ካልተገኘ ይሸጥ የሚል ነው። ተገኝቷል።"

"እንዲህ ያለ ሥራ የምትሠሪ ሰው መኪና ልትይዢ ነው?"

"ሽማግሌዎቹ ስለ ሞኝነቴ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስለ ሽታው ነው።"

ይርጋ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አያት፤ ከዚያ ወደ ፈንታሁን ዞሮ፣ በል እኔ ገበያ አለኝ አለና ዘንጉን አንሥቶ ወጣ። ዋጋ የሌለው ነገር ላይ ጊዜ አያጠፋም።

"ቁልፌን" አለችው ባዩን።

ባዩ ቁልፉን አውጥቶ ወደ ፈንታሁን ተመለከተ። ብርቱካን እጇን አላጠፈችም። ጥቁር የሱፍ ዱቄት የተለወሰበት መዳፏ በሁለቱ መሐል ተዘርግቶ ቆየ። ፈንታሁን ፊቱን ወደ መንገዱ ሲያዞር ባዩ ቁልፉን መዳፏ ላይ ጣለው።

ቤት ስትደርስ እመይ ወርቅነሽ ግቢ ውስጥ የተሰጣ ገብስ ያገላብጣሉ። ቀና ብለው የቀሚሷን ዘይት አዩ፤ ምን ሆነሽ ነው አሉ። ጋራዥ እንደነበረች ነገረቻቸው።

"ተገኘ?"

"ተገኘ እመይ።"

"ምን ኑሯል?"

"ትንሽ ነገር ነው። አስወጥቼዋለሁ።"

አሮጊቷ ገብሱን በእጃቸው ገፋ አደረጉ። "ሊሸጥ ነው እንግዲህ?"

"አይሸጥም።"

እመይ ወርቅነሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ መኪናው ተጠጉ፤ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ፣ የታመመ ጥጃ ግንባር ላይ እንደሚያሳርፉት፣ ትንሽ ጫን አድርገው። ብርቱካን በኪሷ ውስጥ ያለውን ቁራጭ በጣቶቿ ይዛ ልትናገር ፈለገች። የምትናገረው ምን እንደሆነ ግን አላገኘችውም፤ ብታገኘውም አሮጊቷ በዚያው ቀን ማታ ባናቸውን አጥፈው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉታል እንጂ አይመልሱላትም። እጇን ከኪሷ ባዶውን አወጣች። እሳቸውም ብርዱ ዛሬ ይብሳል ብለው ወደ ገብሳቸው ተመለሱ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብርቱካን መኪናው ውስጥ ዕቃ እንደረሳ ሰው ወጣች። የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከመሪው ሥር ያለውን መክፈቻ ሳበችው፤ ኮፈኑ ተላቆ እጅ የሚያስገባ ያህል ገርበብ አለ። እንደዚያው ተወችው። ማንም ሰው ሳይንበረከክ ከላይ ማንሣት ይችላል።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ የጠዋቱን ማንቂያ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ አሥራ አንድ ከሃምሳ መለሰችው። ሞተሩን ከማስነሣቷ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ፣ ውስጡን በእጅ ዳብሶ ለማጽዳት አሥር ደቂቃ ይበቃል።